የማሬ ተረኞች

ፈንታነሽ ከኩዌት በተመለሰች በሦስተኛው ዓመት፣ ደብረ ታቦር ካለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ማሬን ወሰደች። ማሳደጊያው ሊዘጋ ስለነበር ልጆቹ በየቤተሰቡ ይሰጡ ነበር። ማሬ በጨቅላነቷ ገብታ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ቤት አታውቅም።

የመጀመሪያው ቀን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «እማዬ» ስትላት ፈንታነሽ በደስታ አለቀሰች። በማግስቱ ግን ወተት ያመጣችውን ሴትም አቅፋ «እማዬ» አለቻት። ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ አታለቅስም፤ አቧራዋን አራግፋ ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ጠፋች። ፈንታነሽ ሽንኩርት መርጣ ቀና ስትል ልጅቷ የለችም። እየጮኸች በእህል ተራ ሮጠች፤ መናኸሪያ ድረስ ወረደች። ማሬ ወደ እብናት በሚሄድ መኪና ውስጥ፣ የማታውቃት ሴት ጭን ላይ ተቀምጣ ሸንኮራ ትመጥጣለች።

«እጄን ይዛ ተከተለችኝ እኮ» አለች ሴትዮዋ ደንግጣ። «የማን ልጅ ናት እያልኩ ነበር።»

ቤት ሲገቡ ፈንታነሽ ልጅቷን ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት። «እኔን ትተሽ ለምን ሄድሽ?»

«አንቺ ተራሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለቻት ማሬ።

«የምን ተራ?»

«እዚያ ማሳደጊያው ጠዋት አንዷ ሞግዚት ትገባለች፣ ማታ ሌላዋ። ዓለሚቱ ደግሞ ስታገባ ቀረች። አንቺ ብዙ ቀን ቆየሽ።»

ፈንታነሽ ኩዌት ስድስት ዓመት ያሳደገቻት ልጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት። ኮንትራቷ ሲያልቅ፣ እንዳታለቅስ ተብሎ፣ ልጅቷ ተኝታ ሳለ ነበር ከቤቱ የወጣችው።

«እኔ ተራ የለኝም፣ ማሬ።»

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። እንዳላመነቻት ያስታውቃል።

ሐምሌ ላይ ፈንታነሽ ለጉዳይ ባሕር ዳር ሄዳ ለማደር ተገደደች። ማሬን ለጎረቤቷ ለአዛለች ሰጥታ ስትሰናበት ልጅቷ ፈገግ ብላ እጇን አወዛወዘች። በማግስቱ ስትመለስ ግን ማሬ ዘላ እጇን ነከሰቻት። ከዚያ መሬት ላይ ተዘርራ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ አለቀሰች።

«ልጅቱ ጭራሽ ባሰባት!» አለች አዛለች።

ፈንታነሽ እጇ እየደማ አቅፋት ተቀመጠች። ማሬ ስታለቅስ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ ይበላት ወይ ትፍራ አላወቀችም።

ጠዋት ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ጫማዋን አጣችው። አንዱን ከማሬ ፍራሽ ሥር አገኘችው፤ ሁለተኛውን ልጅቷ በቀሚሷ ሸፍና፣ በሁለት እጇ ይዛው ተቀምጣለች።