ከጎንደር ይዛው የመጣችው ስም

እታለም ከጎንደር ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ ነበር። ታላቅ እህቷ በለጠች አጠገቧ ናት። አምባ ጊዮርጊስን አልፈዋል። ገብሱ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ተከምሯል። እታለም ታየዋለች፤ ያየችው ግን ውስጧ አይደርስም።

«ለመሆኑ ሐኪሟ ምን አለችሽ?» አለች በለጠች።

«ቦርደርላይን።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የስብዕና መታወክ ነው አለችኝ።»

በለጠች ነጠላዋን አስተካከለች። «ስብዕና ማለት ጠባይ አይደለም? ጠባይሽ ነው በሽታው ማለት ነው?»

ይህንኑ እታለምም ሐኪሟን ልትጠይቃት አስባ አፍራ ትታዋለች።

ዘመኑ 2007 ዓ.ም. ነው። እታለም ዳባት ተወልዳ ያደገች፣ በትዳር ደባርቅ የገባች፣ ሠላሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። ተራራው ላይ ቡይት ራስ በሚገኝ አንድ ሎጅ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። ባሏ ያርጋል የፓርክ ስካውት፣ ታጣቂ ጠባቂ ነው። ጠመንጃውን አንግቶ እንግዶች እየመራ ከፍ ብሎ እስካለው የጨነቅ ማረፊያ ይወጣል፤ እዚያ ስልክ ስለማይሠራ እስኪመለስ ድምፁ አይሰማም።

መከራዋ የሚነሳው በዚህ ጊዜ ነበር። ያርጋል ሲሰናበታት ደህና ናት። ዳገቱን ይዞ ከዓይኗ ሲሰወር ግን ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ብጥስ ይላል። ትቶኛል፣ አይመለስም፣ ሲወጣም ዞር ብሎ አላየኝም ትላለች። ሲመለስ እልል ብላ ልትቀበለው ይገባት የነበረችው ሴት በስድብ ትቀበለዋለች። አንድ ጊዜ ልብሱን አንድም ሳታስቀር ሰብስባ ደጅ ጭቃ ላይ በተነችው። በማግስቱ አጥባ ተኩሳ አስቀመጠችለትና እግሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ሌላ ጊዜ ደግሞ በዝናብ ቡይት ራስ ድረስ ወጥታ በእንግዶቹ ፊት አዋረደችው። ጎረቤቷን አልጣሽን ዛሬ «ካንቺ በቀር ሰው የለኝም» ትላታለች፤ በማግስቱ አልጣሽ ሥራ ይዟት ሰላምታዋን ሳትሰማ ካለፈች «እባብ» ትሆንባታለች። የገዛ ገላዋን የምትጎዳበት ጊዜም ነበር። በፀሐይም ቢሆን ረጅም እጅጌ ትለብሳለች።

ቤተሰቡ ጠበል ወሰዳት። ተጠመቀች፣ ረጋች፣ ብዙ ሳትቆይ ተመለሰባት። አንድ ቀን አልጣሽን «መኖር ሰልችቶኛል» አለቻት። አልጣሽ ቂሟን ትታ ዳባት ላለችው በለጠች ደወለች። የንስሐ አባታቸውም ተጠይቀው፣ «ጠበሉ ሐኪም ቤት አትሂዱ አይልም። ልጆቼ፣ ሂዱ» አሉ።

ጎንደር ያገኘቻት ሐኪም ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ነበረች። ብዙ ጠየቀቻት። የልጅነቷን፣ አባቷ ጥሏቸው የሄደበትን ዘመን፣ ንዴቷን፣ ከንዴቷ በኋላ የሚመጣውን ባዶነት። በመጨረሻ እንዲህ አለቻት፦ «አላበድሽም። ክፉ ሰውም አይደለሽም። ስሜትሽ ቶሎ ይነሳል፣ እላይ ይወጣል፣ ለመውረድ ደግሞ ይዘገያል። ሰው ሊተወኝ ነው ብለሽ ስትፈሪ፣ እሱ ሳይተውሽ አንቺ ቀድመሽ ግንኙነቱን ታፈርሺዋለሽ።»

«ይድናል ወይ ዶክተር?»

«ብዙ ሰው ይሻለዋል። ክኒን ብቻውን ግን አይበቃም፤ ልምምድ ይፈልጋል። ዳባት ጤና ጣቢያ ሲስተር ስጦታ የምትባል ነርስ አለች፤ እሷ ጋ ትመላለሻለሽ። ቤታችሁ መሣሪያ አለ?»

«የባለቤቴ ጠመንጃ።»

«ሌላ ቤት ይቀመጥ። የመሞት ሐሳብ ሲመጣብሽ ደግሞ ለብቻሽ አትሁኚ፤ ሰው ጥሪ።»

እታለም ይህን ስትሰማ የምታለቅስ መስሏት ነበር። አላለቀሰችም። ጥርስ ሊነቅሉላት ድዷን በመርፌ ያደነዘዟት ያህል፣ የራሷ አካል የራሷ አልመስል አላት።

ድንዛዜው ደባርቅ ከገባችም በኋላ አለቀቃትም። ያርጋል ጠመንጃውን ወንድሙ ቤት አስቀመጠ። የሆነውን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። እሷም አልጠየቀችውም። ጠዋት ተነስታ ሎጁ ትሄዳለች፣ ድንች ትልጣለች፣ ሾርባ ትሠራለች። ስትቀምሰው ጨው ይኑረው አይኑረው አይታወቃትም፤ ሌላ ሰው ታስቀምሳለች።

ሲስተር ስጦታ ዘንድ ሄዳ፣ «ምንም አይሰማኝም። መዳን ይሄ ነው?» አለቻት።

ሲስተር ስጦታ ፈገግ አለች። «አይደለም። ድንዛዜውም የሕመሙ ነው። እሱም ይመጣል፣ ይሄዳል። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ተለማመጂ። ፍርሃቱ ሲመጣ ያየሽው ምንድን ነው፣ ያሰብሽው ምንድን ነው ብለሽ ለዪው። ፊትሽን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ። ከዚያ ቆዪ። ምንም ሳታደርጊ ቆዪ።»

«ብቻ መቆየት?»

«ከባዱ እሱ ነው።»

ጥምቀት አልፎ ያርጋል እንግዶች ይዞ ወደ ጨነቅ ወጣ። ሐሙስ እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ ሐሙስ አልመጣም። እታለም በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ዋለች። ያየሁት፣ አለች በልቧ፣ ሐሙስ አለመምጣቱን ነው። ያሰብኩት ትቶኝ መሄዱን ነው። ፊቷን ታጠበች። ውኃው እንደ በረዶ ነበር። ነጠላዋን ለብሳ አልጣሽ ቤት ሄደችና፣ «ምንም አታውሪኝ፤ ብቻ አጠገብሽ ልቀመጥ» አለቻት። አልጣሽ ሽንኩርቷን እየከተፈች ዝም ብላ አስቀመጠቻት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ቁጭ ብላ ሳለ ከቆርቆሮው በር ሥር ጥላ አየች። ሁለት ጫማ ቆሟል። አያንኳኳም፣ አይገባም። እታለም ጫማዎቹን አወቀቻቸው።

«ያርጋል?»

«አቤት።»

«ለምን አትገባም?»

«እያዳመጥኩ ነው።»

«ምኑን?»

«ቤቱን። ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ።»

ያን ጊዜ ገባት። ይህ ሰው ዛሬ ብቻ አይደለም እዚያ የቆመው። በየጊዜው፣ ከተራራ በወረደ ቁጥር፣ የገዛ ቤቱ በር ላይ እንደ ሌባ ቆሞ ያዳምጥ ኖሯል።

ገባ። አንዲት እንግዳ ከፍታው አሟት በበቅሎ ይዘዋት ሲወርዱ እንደዘገየ ነገራት። ጫማውን አላወለቀም። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጎንደር ከመሄድሽ በፊት ልለይሽ ወስኜ ነበር። ሕመም ነው ሲሉኝ አፈርኩ። የታመመ ሰው ጥዬ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

«አሁንስ?»

«ደክሞኛል። አልጠላሁሽም። ግን ደክሞኛል። ወንድሜ ዘንድ ልሁን።»

እታለም ሆዷ ውስጥ ያ ነገር ብጥስ እስኪል ጠበቀች፤ አላለም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ነገር ባርኔጣ ይዞ ፊቷ ተቀምጧል። ደጅ ፍየል ይጮኻል። ጎረቤት ምስማር ይመታል።

«ሌላ ሴት አለች?»

«የለችም።»

«እመብርሃንን?»

«እመብርሃንን።»

አመነችው። ማመኗ ራሱ ገረማት።

«ብቻሽን ልተውሽ እችላለሁ?» አላት።

«አትችልም» አለች፤ ድምጿ ደረቅ ነበር። «ለበለጠች ደውልላት። እስክትመጣ ቆይ። ከዚያ ሂድ።»

ደወለ። በለጠች ከዳባት መኪና ይዛ እስክትደርስ ሁለቱ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። እሱ ውኃ አምጥቶ ሰጣት፤ ጠጣች። አንድ ጊዜ ልብሱን ጭቃ ላይ የበተነችበትን ቀን አንስቶ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልወጣለትም። በለጠች ስትገባ ተነሳ፣ ለሁለቱም እጅ ነስቶ ወጣ።

እታለም ዳባት እህቷ ቤት ከረመች። በለጠች ድንችና ገብስ ነጋዴ ናት፤ ጓዳዋ በጆንያ የተሞላ ነው። እታለም ጆንያዎቹ መካከል ተኝታ ጣራውን ታያለች። ብዪ ሲሏት ትበላለች። ሲስተር ስጦታ ዘንድ ሂጂ ሲሏት ትሄዳለች። በለጠች የምትፈራው ጩኸቷን ነበር፤ አሁን ዝምታዋ አስፈራት።

ዝምታው የተሰበረው በዐቢይ ጾም ነው። በለጠች ጓሮ ሆና በስልክ ስታወራ እታለም የያርጋልን ስም ሰማች። ያን ያህል ጊዜ የጠፋው ስሜት ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። በእጇ የነበረውን ሳህን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠችው።

«ከሱ ጋር ወግነሽ ነው ለካ ያስቀመጥሽኝ!»

«ልብሷን የት ላስቀምጥላት ቢለኝ ነው የመለስኩለት!»

«ውሸታም!»

በለጠች የተሰበረውን ሳህን አየች፤ ደከማት። «ስም አገኘሽለት እንጂ ያው ነሽ» አለቻት።

እታለም ወጣች። እግሯ ወደ መናኸሪያ ወሰዳት። ረዳቱ «ደባርቅ! ደባርቅ!» እያለ ይጣራል። ወንበር አለ። ደባርቅ ወርዳ ያርጋል እግር ሥር ልትወድቅ ትችላለች፤ ወይም በሩ ላይ ልትጮህ። ሁለቱም አማራት። እጇ የመኪናውን በር ከያዘ በኋላ ለቀቀችው።

ጤና ጣቢያው ስትደርስ ሲስተር ስጦታ የለችም፤ ለሥልጠና ጎንደር ሄዳለች። እታለም ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቷን ታጠበች፣ ደጋግማ ታጠበች፣ ከዚያ ሕሙማን የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አንዲት አራስ አጠገቧ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። እታለም ፀሐዩ ወደ ግንቡ እስኪያዘነብል ምንም ሳታደርግ ቆየች። ንዴቱ አልጠፋም፤ ግን ቀነሰ።

ድሮ ቢሆን ሁለት መንገድ ነበራት፦ ወይ እህቷን ለወራት ማኩረፍ፣ ወይ ተንበርክካ ይቅር በይኝ እያለች እስክትደክም ማልቀስ። ቤት ስትገባ በለጠች ስብርባሪውን ጠርጋ ጨርሳ ነበር።

«እትዬ» አለች እታለም ቆማ፣ «ሳህኑን መስበሬ ጥፋቴ ነው። ያልሽኝ ቃል ግን አሞኛል።»

በለጠች መጥረጊያውን አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ንግግር ከእህቷ ሰምታ አታውቅም። «ቃሉ ክፉ ነበር» አለች። «እኔም ፈርቼ ነው።» ከዚያ ምስር እንድትለቅምላት ሰፌዱን አቀበለቻት፤ እታለምም ተቀብላ ተቀመጠች።

ክረምቱ ሲወጣ እታለም ወደ ሎጁ ሥራ ተመለሰች። ደባርቅ አልጣሽ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየች። እሷና ያርጋል በሽማግሌ ፊት ያለ ጠብ ተለያዩ። ሰዎች ይታረቃሉ ብለው ጠብቀው ነበር፤ አልታረቁም። ዳባት መመላለሷን አላቆመችም። ክንዷን ዳግመኛ የጎዳችበት አንድ ቀን ነበር፤ ለሲስተር ስጦታ ሳትደብቅ ነገረቻት፣ ሲስተር ስጦታም ሳትቆጣ ቁስሉን አጠበችላትና ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሆነውን አንድ በአንድ አስወራቻት። ድንዛዜው አሁንም ይመጣል። ሲመጣ ሥራዋን ትሠራለች፤ ሲሄድም አትሸኘውም።

አንድ ጠዋት ሎጁ ደጅ ካሮት ስትልጥ ያርጋል እንግዶች አስከትሎ ወደ ላይ አለፈ። ባርኔጣውን አነሳላት። «እንዴት አደርሽ?» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ይመስገን።»

ሄደ። ጭጋጉ ውስጥ እስኪገባ አየችው። አብራት የምትሠራው እናናዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ፊቷን ስታይ፣ «ደህና ነሽ?» አለቻት።

እታለም ቢላዋውን እንደያዘች አሰበች። «ትንሽ ከፍቶኛል» አለች።

እናናዬ አጠገቧ ተቀምጣ ከካሮቱ አንዱን አነሳች።