የወፍጮ ሰፈሩ ፎቅ ቤት

ሰውዬው ግድግዳውን በጣቱ ቋ ቋ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ኮርኒሱን ከጥግ እስከ ጥግ አየና እንደ ሐዘንተኛ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ሰው የመጣው ለጴጥሮስ ነው ለጣሪያው?» አለች ጎረቤቷ እህተማርያም፣ አጥሚቱን በማንኪያ እያማሰለች። «በይ አንድ ጊዜ ፉት በዪ። በባዶ ሆድ ሐዘን አይቻልም።»

ዓለሚቱ አጥሚቱን በእጇ ገፋ አደረገችው። ፍራሹ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ሰውዬውን ትመለከታለች። ባሏ ጴጥሮስ ከተቀበረ ወዲህ ቤቱ ሰው ሲጎርፍበት ሰንብቷል፤ ከሆመቾም፣ ከቦኖሻም፣ ከዱራሜ ሳይቀር መጥተዋል። ሁሉም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል፤ ትንሽ ይቀመጣል፤ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ መዝሙር ይዘምርና ይሄዳል። ድምፅ ዝቅ ማድረጉን የለመዱት ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየጓዳው ይዘምሩ በነበረ ጊዜ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን ጴጥሮስ በእጁ የሠራውን ግድግዳ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ይሄ የማታውቀው ሰው አየው።

«ከጴጥሮስ ጋር የት ይሆን የሚተዋወቁት?» አለች።

እህተማርያም ማንኪያውን ይዛ ቀረች። ዓለሚቱ ከቀብር ወዲህ አንድ ቃል ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «እኔ እንጃ። አቶ ገብረወልድ ይባላል፤ ነጋዴ ነው። ከተረፈ ጋር ሲገባ ነው ያየሁት።»

ተረፈ የጴጥሮስ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሆመቾ ገበሬ። ከቀብር በተመለሱበት ምሽት አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ «እትዬ፣ ይሄን ቤት ሸጠን ከእኛ ጋር ብትገቢስ?» ብሏት ነበር። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዝም አለችው። ከዚያ ወዲህ አላነሳባትም፤ ድንኳን ሲያስተክል፣ ውኃ ሲያስቀዳ፣ እንግዳ ሲሸኝ ነው የሚውለው። ሲያለቅስ ያየው የለም።

የእድሩ ሴቶች እንደ ልማዱ አልጋውንም ቁምሳጥኑንም ወንበሩንም ወደ ታችኛው ቤት አውርደው ፍራሽ አንጥፈዋል። ዕቃው ሲወጣ ቤቱ ተዘረጋ። መስኮቶቹ እንኳ የሰፉ መሰሉ። አቶ ገብረወልድ በዚያ ባዶ ወለል ላይ የአንዱን እግሩን ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠመ ከግድግዳ ግድግዳ ሄደ፤ መለስ ብሎ ደግሞ በአግድም ሄደ። ሐዘን መቀመጫ ያሳጣው ሰው ነው፣ አለች ዓለሚቱ በልቧ። አንጀቷን በላት።

ተነሳች። ሴቶቹ ሊደግፏት ሲሯሯጡ በእጇ ከለከለቻቸው።

«ከጴጥሮስ ጋር ትተዋወቁ ኖሯል?»

ሰውዬው ደነገጠ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሥራቸውን ነው የማውቀው፣ እትዬ። ሲወራ እሰማለሁ። ይሄን ወለል እሳቸው ናቸው ያነጠፉት?»

«ሌላ ማን አለ ብለህ ነው!» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ና፣ ላሳይህ።»

እጁን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ከታች ወፍጮ ሰፈር ይታያል፤ እንጨት ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ አዲሱ የዘይት መጭመቂያ፣ በር ላይ እህል የጫኑ አህዮች።

«ይሄ ሁሉ አልነበረም» አለችው። «ንጉሡ ወርደው ለውጡ ሲመጣ የወፍጮዎቹ ባለቤቶች ጥለው ጠፉ። ሞተሩ ዛገ፣ ጣሪያው ተገነጠለ። ሰው በቀን እንኳ በዚህ ማለፍ ይፈራ ነበር። ቀበሌው ለቤት መሥሪያ ቦታ ሲሰጥ ሁሉም ገበያው አጠገብ ሲሻማ፣ የእኔ ሰውዬ ይሄን የድንጋይ ግድግዳ ብቻ የቀረውን መጋዘን ለመነ። እንዴት እንደሳቁበት! ‹ጴጥሮስ ከጅብ ጋር ሊጎራበት ነው› ተባለ። እኔም አልቅሻለሁ። ‹ምድር ላይ መኖሬን ጠልተህ ነው ከወፍጮ በላይ የምትሰቅለኝ?› አልኩት።»

«እሳቸውስ?»

«‹ከላይ ሆነሽ ታዥኛለሽ› አለኝ። ሲስቅ ትከሻው ነበር የሚስቀው፤ ድምፅ የለውም።»

ጴጥሮስ ታች ያለውን ሞተር ፈትቶ፣ ጠግኖ፣ መልሶ ያስነሳበትን ቀን ነገረችው። የመጀመሪያዋ ሴትዮ በቆሎ ይዛ መጣች፤ በማግስቱ ሌሎች ተከተሏት። ወፍጮ ባለበት ሰው አይጠፋም ብሎ አናጢው መጣ፤ አናጢው ካለ ብሎ በያጁ መጣ። ለሰው ሁሉ በር ሲጠግን እየዋለ ማታ ማታ የራሱን ቤት ይሠራ ነበር።

«ክረምት ላይ ያፈሳል?» አለ አቶ ገብረወልድ።

«አንድ ክረምት አፍስሶ ነበር። በዚያው ዝናብ ጣሪያው ላይ ወጣልህ። እኔ ከታች ‹ውረድ!› እላለሁ፣ እሱ ከላይ ‹የቱ ጋ ነው የሚንጠባጠበው?› ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላየንም።»

«ለሁለት ሰው ግን ሰፍቷል። ክፍሉ ብዙ ነው።»

«ልጅ አልወለድንም። ያኛው ክፍል የወንድሙ የተረፈ ወንዶች ልጆች ነበር፤ ይሄ የሴቶቹ። ሆመቾ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ስለሌለ ሁሉም እዚህ እየኖሩ ነው የተማሩት። ጠዋት ጠዋት በዚህ ደረጃ ሲወርዱ ቤቱ የሚፈርስ ይመስል ነበር። ጴጥሮስ ከታች ‹ቀስ! ደረጃው የእናንተን ያህል ጉልበት የለውም› ይላቸዋል። ከዚያ ተመርቀው ሄዱ። እሱም ደረጃውን እንዳይጮህ በዘይት ወለወለው፤ ጸጥ ሲል ግን አልወደደውም።»

ፊቷ በርቶ ነበር። ሴቶቹ ከየፍራሹ ሆነው ያዩዋታል፤ እህተማርያም አጥሚቱን ይዛ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች። ዓለሚቱ የመስኮቱን መዝጊያ ከፍታ ዘጋች፤ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ አስዳሰሰችው፤ የጠየቃትን ሁሉ ሳትሰለች መለሰችለት። ስለ ባሏ እንዲህ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ። «የተሟላ ቤት ነው። መቼ ነው የሚለቁልኝ ታዲያ?»

«ምኑን?»

አቶ ገብረወልድ ዞር ብሎ ደረጃው ላይ ብቅ ያለውን ተረፈን ፈለገ። «ቤቱን ነዋ። ተነጋግረው ጨርሰዋል ብለውኝ...»

 ዓለሚቱ መስኮቱን ያዘች። ያስዳሰሰችው መደርደሪያ፣ የነገረችው ዝናብ፣ የልጆቹ ደረጃ፣ ሁሉም ተመልሶ ፊቷ ድቅን አለ።

«በገዛ አፌ ሻጭ ሆንኩለት» አለች ለማንም ሳይሆን።

«ዝም ብለው ይዩ፣ ለእሷ አይናገሩ ብዬዎት አልነበር?» አለ ተረፈ እየተንደረደረ ወጥቶ።

«አንተ ነህ ያመጣኸው?»

«ዕቃው ከወጣ አይቀር ይየው ብዬ ነው፣ እትዬ። ዝም ስትዪኝ እሺ ያልሽ መሰለኝ። መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ዛሬ ሽጡ ለውጡ አለ፤ ነገ መልሶ ቢከለክልስ? ሞተሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። አንቺን በዚህ ፎቅ ላይ ብቻሽን ትቼ ሆመቾ ገብቼ እንዴት እተኛለሁ? ልጆቼን አሳድገሽልኛል። ከእኔ ቤት ማእድ ቤት አታድሪም፤ የራስሽን ክፍል ሠርቼልሻለሁ፣ ጭቃው ብቻ ነው ያልደረቀው።»

የሚዋሽ ፊት አልነበረም። እሷም ይህን አየች፤ ማየቷ ግን ሕመሙን አላቀለለላትም።

«አቶ ገብረወልድ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንድ ክፍል ሳላሳይህ ቀርቻለሁ። ና።»

በኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው ዝግ በር ሄደች፤ ሁለቱ ወንዶች ተከተሏት። ጴጥሮስ የታመመውም የሞተውም እዚያ ነው። አስከሬኑ ከወጣ በኋላ በሩን የዘጋችው ራሷ ናት፤ የእድሩ ሴቶች ከዚያ ክፍል ምንም እንዳያወጡ በሩ ላይ ቆማ ከልክላለች። እጀታውን ያዘች። ልትጫነው ፈለገች፤ መልሳ ለቀቀችው። በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ይሄኛው አይታይም» አለች። «ገና ጠረኑ አለ። ከከፈትኩት ይወጣብኛል።»

እንባዋ መጣ። እንደ መዝሙሮቻቸው ዝቅ አድርጋ አለቀሰች።

«አልሸጥም፣ ተረፈ። ብቻዬን እንደምሆን አውቃለሁ። ማታ እፈራለሁ፤ ሞተሩም ይዝጋል። አልሸጥም።»

አቶ ገብረወልድ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ሳላውቃቸው ነው ቤታቸው የገባሁት። አሁን ግን አወቅኋቸው።» ወደ ተረፈ ዞረ። «እኔ ይሄን ቤት አልገዛም። ሌላም ሰው አያምጡባቸው።» ሊወርድ ደረጃው ጋ ደረሰና ሐሳቡን ለወጠ፤ ተመልሶ ከለቀስተኞቹ መሐል ፍራሽ ላይ ተቀመጠ።

ተረፈ ኮሪደሩ ውስጥ ብቻውን ቀረ። የሚተከል ድንኳን፣ የሚቀዳ ውኃ፣ የሚሸኝ እንግዳ አልነበረውም። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«እትዬ» አለ። «ወንድሜን እኮ ገና አላለቀስኩለትም።»

ዓለሚቱ ቀና ብላ አየችው። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ዳር ጠጋ አለችና፣ ጠባቡ ደፍ ላይ ለእሱ የሚበቃ ቦታ ለቀቀችለት።