ሁለቱ ገመዶች

መሥሪያ ቤቶች በቢፒአር እንደ አዲስ በተዋቀሩበት ዓመት፣ ካራ ሰፈር ያለው መሥሪያ ቤታችን የኔን የኔትወርክ መደብ ለባለዲግሪው ለይኩን ሊሰጥ አሰበ። መጀመሪያ ግን ሊኑክስ ሰርቨሩ ላይ ኢንተርኔቱን የሚጠብቅ ፋየርዎል ጭኖ ያሳይ ተባለ። በግምገማ ላይ «ስምንተኛ ክፍል» ብሎ ያሳቀብኝ ይኸው ለይኩን ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ፕሮግራሙን እያጠፋ ደጋግሞ ጫነው፤ ኢንተርኔት ግን የለም። የውጪውን ገመድ የውስጡ መሰኪያ ላይ ሰክቶት ነበር። ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ይኼ ሶፍትዌር ነው፤ ስልክ እንጨት ላይ እንደ መውጣት አይደለም።»

ኃላፊያችን ወይዘሮ ፀደንያ እስኪገቡ ጠበቅሁና፣ እያዩኝ ገመዶቹን አቀያየርኩ። ኢንተርኔቱ መጣ።

«ኮንፊገሬሽኑን አስተካክዬው ነው» አላቸው ለይኩን።

«ድሮም የተማረ ሰው» ብለው መደቡን ሰጡት።

እኔም ገመዶቹን እሱ እንደሰካቸው መልሼ ሰክቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ዲግሪው ያውጣው።