ሰማይ ላይ ያቀናሁት አገር

ልጆቼ፣ እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ኮምፒውተር ላስተምራችሁ አልነሣም። ግን አንድ ቀን ኮምፒውተር ውስጥ አገር አቅንቻለሁ። እሱን ላጫውታችሁ።

ሁለት ሺህ ሁለት፣ ምርጫው ባለፈ በወሩ ነው። ልጄ እንቁ ቡሬ ከተማ ግብርና ተምራ ማንኩሳ ተመልሳ ነበር። የእናቷ ድርሻ የነበረው፣ ወንዝ ዳር ያለው ማሳ በእንቁ ስም የይዞታ ደብተር ወጥቶለታል። እሷ ማንጎ ልትተክልበት አሰበች። እኔ ደግሞ አባቴ በቆሎ ሲዘራበት ያየሁት መሬት ላይ ከበቆሎ በቀር ሌላ አልታይ አለኝ። እሷ አርባ ጉድጓድ ቆፍራ ችግኝ ልታመጣ ቡሬ በሄደችበት ቀን፣ በሬዎቼን ጠምጄ ጉድጓዱን ሁሉ አረስሁትና በቆሎ ዘራሁበት። ለእሷው አስቤ ነው እል ነበር።

ስትመለስ የታረሰውን ማሳ አይታ ችግኙን ጥላ ሥር ደረደረች፤ ልብሷን ቋጥራ ፍኖተ ሰላም ጓደኛዋ ዙለይካ ዘንድ ገባች። ከሁለት ሳምንት በኋላ "ሰኞ ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር እሄዳለሁ" ብላ ላከችብኝ። ከእሷ ሌላ የወለድሁት የለኝም። ከሄደች እንደማትመለስ ልቤ ያውቀው ነበር።

ከዚያ ሰኞ በፊት ያለው ቅዳሜ የሰኔ ሚካኤል ዋለ። በበዓል በሬ አይጠመድ፤ ቅዳሴ አስቀደስሁና በሚኒባስ ሄድሁ። ዙለይካ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት፤ ሙስሊም ናትና ክፍት ነበር።

"እንኳን አደረሰዎ አባባ" አለችኝ። "ልጅዎ ሰማይ ላይ ናት፤ እስክትወርድ ይቀመጡ።"

እንቁ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ ጥቁር ሰማይና ክብ ክብ ኮከቦች ይታያሉ። ተነሥታ ጉልበቴን ሳመች እንጂ ፊቷን አልፈታችልኝም። በመንገድ ያዘጋጀሁት ምክር ሁሉ ጠፋብኝ፤ በአፌ የመጣውን ተናገርሁ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ጨዋታ ነው አባ። ባዶ መሬት፣ ጥቂት ሰውና አንዲት የሰማይ መርከብ ይሰጥዎታል። ከዚያ ወዲያ እንዳሰኘዎ ነው።"

"የሚያዝ አለቃ የለም?"

"የለም።"

"ቀበሌም?"

ዙለይካ ከማሽኑ ጀርባ ሳቀች። እንቁም ከንፈሯ ዳር ሊስቅ ብሎ ተመለሰ። እኔም በዚያች ተደፋፍሬ "እስቲ ልሞክረው" አልሁ።

እጄን ይዛ አስጀመረችኝ። ቀይ፣ ድንጋያማ ኮከብ ደረሰኝ። መጀመሪያ ውሃ ፈለግሁ፤ ከውሃው ከፍ ብዬ ቤት ሠራሁ፤ እህል ዘራሁ፤ ብረት አስቆፈርሁ። አንዲቷ ቤት አራት ሆነች፣ አራቱ ሰፈር ሆነ። ትርፍ እህሌን ለጎረቤቱ ኮከብ ብልክ እነሱም ብረት ላኩልኝ። ልጆቼ፣ ጎጆ በወጣሁበት ዓመት እንኳ እንዲያ አልጣመኝም። ጎጆ ስወጣ አባቴ ጠፍ መሬት ሰጥቶኝ በየማለዳው እየመጣ "እዚህ እረስ፣ እዚያ ተው" ይለኝ ነበር። እዚህ ግን ያጠፋሁትም ያለማሁትም የእኔው ነው።

አንድ ጊዜ ግን ቆም አልሁ። "እንቁ፣ ሰዎቹን አሳርፊልኝ። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ብረት ሲቆፍሩ ሊውሉ ነው?"

"አባ፣ እዚያ ሰማይ ላይ እኮ ሚካኤል የለም።"

"ሚካኤል የሌለበት ሰማይ የትኛው ነው?"

ዙለይካ ወረቀቱን ጥላ ሳቀች። ቁፋሮው ቆመ። የብረቱ ቁጥር ወረደ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ።

እንቁ ግን ጭንቅ ያዛት። ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብላ "እዚያ አይደለም አባ፣ እዚህ ያድርጉት" ትላለች። "ያንን ያፍርሱት። ይኼ አያዋጣዎትም።" ጣቷ እየመጣ መንገዴን ይጋርድብኛል። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ግን ጣዕሙ ከእጄ እየወጣ ሄደ።

"ተዪኝ እስቲ" አልኋት ቆጣ ብዬ። "ልሳሳትበት። አገሩ የእኔ አይደለም?"

ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። እሷም ሰማችው መሰለኝ፣ ጣቷን ሰበሰበች።

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

"ሰዎቹስ?" አልሁ።

"ሳናስቀምጠው ጠፋ አባ። ምንም አይደል፣ እንደገና ይጀመራል።"

በጨለመው መስተዋት ውስጥ የሁለታችን ፊት ይታያል። ጨዋታው የጣመኝ ለካ ስሕተትን ስለሚምር ነው ብዬ አሰብሁ። የማንኩሳ መሬት አይምርም፤ አንድ ክረምት ከተሳሳትህ ዓመቱን ሙሉ ታዝናለህ። ለዚያ ነበር ጉድጓዷን ያረስሁት፣ ፈርቼ። መሬቱ ካልማረ ግን መማር ያለበት አባት ነው።

"እንቁ" አልኋት፣ "ጉድጓድሽን ያረስሁት በድዬሽ ነው። ሰኞ አትሂጂ። በቆሎውን ንቀዪውና ያሰብሽውን ትከዪ። ካልጠራሽኝ ከድንበሩ አላልፍም።"

"አይችሉም" አለችኝ።

"ልሞክር።"

ሰኞ መጣች። ስንዝር ያለፈውን በቆሎዬን ስትነቅል ድንበሩ ላይ ካለው ብሳና ዛፍ ሥር ተቀምጬ አየሁ። ገበሬ ለሆነ ሰው ለምለም ቡቃያ ሲነቀል ማየት ቀላል አይምሰላችሁ። ከጉድጓዶቹ ሰባቱን ደግሞ ከወንዙ አጠገብ ቆፈረች፤ በነሐሴ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ምላሴን ነከስሁ።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞላና ሰባቱን ችግኝ ጠርጎ ወሰደ። በማግሥቱ ጭቃ እንደለበሰች ወደ ብሳናው መጣች።

"ውሃው እዚህ እንደሚደርስ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ዝም አሉ?"

"አልጠራሽኝማ።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወንዙን አየች፣ ማሳውን አየች፣ ከዚያ አካፋውን ወደ እኔ ዘረጋችው።

"እንግዲያው አሁን ጠራሁዎት። ያልተከልሁት ስድስት ችግኝ ተርፎኛል፤ የት ላድርገው?"

አካፋውን ተቀብዬ ድንበሩን ተሻገርሁ።

"አንቺ የት አሰብሽ?" አልኋት።