የልጄ ሁለት አስ

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ እጄ ጭንቅላት ላይ ይዋል እንጂ ዓይኔ የሚውለው ፊት ላይ ነው። መስታወቱ ፊት የተቀመጠ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ልጄ ፖከር መጫወት ስትጀምር ይሄ ጨዋታ ለዘራችን የተፈጠረ ነው አልኩ። ሁለት ካርታ ማንም እንዳያይብህ ትይዛለህ፣ የቀረው ጠረጴዛው ላይ በግልጽ ይዘረጋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሰው ፊት ማንበብ ነው። ይህን የምለው በሕይወቴ አንድም ውድድር ላይ ሳልቀመጥ ነው፤ ግን ማን ይከለክለኛል።

ልጄ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቴ ትመጣና ሦስተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ወንበሩ ከፍ ዝቅ ማለት ካቆመ ስለቆየ ደንበኛ አይፈልገውም። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ የተጫወተችውን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ አንድ የመተንተኛ ፕሮግራም ታስገባለች። ፕሮግራሙ ያንኑ ጨዋታ ሺህ ጊዜ እየደጋገመ ያሰላና፣ እዚህ ጋ ካርታሽን መጣል ነበረብሽ፣ እዚያ ጋ ደግሞ መግባት ነበረብሽ ይላታል። ምሽቱን ሁሉ ከእሱ ጋር ስለምታሳልፍ ደንበኞቼ «አማችህ» የሚል ስም አወጡለት። ጺማቸው በአረፋ እንደተሸፈነ «ጋሼ፣ አማችህ ዛሬ ምን አለ?» ይሉኛል። «ምን ይላል፣ ልጄን መንቀፍ ነው ሥራው» እላለሁ።

አንድ ቀን ከስክሪኑ ቀና አለችና፣

«አባዬ፣ ጉዴን አወጣው» አለችኝ።

«ምን አገኘ ደግሞ?»

«ሰው ሲገፋኝ እልህ ይይዘኛል። የረባ ካርታ ሳልይዝ እንኳን እምቢ ብዬ እገባለሁ። የወደቅኩባቸው ውድድሮች አብዛኞቹ እዚህ ጋ ነው የተበላሹት።»

«እልህ ደግሞ ምን ነውር አለው?»

«ነውርስ የለውም። ከማን እንደወረስኩት ነው የገረመኝ።»

ወንበሬ ላይ የነበረው አናጺ በሳቅ ሲንፈራፈር ጆሮው ከምላጬ ለጥቂት ተረፈ። እኔ ግን አልሳቅኩም። «ሰው ሲገፋሽ እንዳትሸሺ» ብዬ ያሳደግኳትን ልጅ አንድ ኮምፒውተር መጥቶ ሽሺ ሲላት ምን ይባላል? አኮረፍኩት። አዎ፣ ፕሮግራም አኮረፍኩ። ሶኬቱ ለቶንዶሱ ብቻ ነው ብዬ ላፕቶፑን ከለከልኩት። እሷም ሥራ ቦታዋ ቻርጅ እያደረገች መምጣት ጀመረች።

የፖከር ብሔራዊ ቡድኑ መምረጫ ውድድር የመጣው በዚህ መሀል ነው። ልጄ ከዚያ በፊት ሁለቴ ሞክራ፣ ሁለቴም ቡድኑ ደጃፍ ላይ ደርሳ ወድቃለች። ሁለቴም በእልህ። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤ ካልሆነ እተወዋለሁ» አለችኝ። ፊቷን አየሁት፤ የምሯን ነበር።

ውድድሩ የሚካሄደው አንድ ሆቴል ፎቅ ላይ፣ በሩ ተዘግቶ ነው። እኛ ተመልካቾች ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ተኮልኩለን በትልቅ ስክሪን እናያለን። ስክሪኑ የሁሉንም ካርታ ያሳያል፤ ታዲያ ማንም ለማንም ምልክት እንዳይሰጥ ምስሉ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የምናየው ሁሉ ላይ ቤት ያለቀ ነገር ነው ማለት ነው።

ዘጠኝ ሰዎች ቀሩ። ስምንቱ ቡድኑ ውስጥ ይገባሉ፣ አንዱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንደኛም ወጣህ ስምንተኛ ልዩነት የለውም፤ ቦታው አንድ ነው። ልጄ ፊት ሁለተኛው ትልቁ የቺፕ ክምር አለ፤ ቺፕ የሚሉት በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን ነው። ትልቁ ቡልዶዘር የሚሉት ሰውዬ ፊት ነው። ጠረጴዛው ጫፍ ያሉት ሁለቱ ግን ያለቀላቸው ናቸው፤ አንድ ሁለት ዙር ቢቆዩ ነው።

ቡልዶዘር ጠጉራም ክንዱን ዘርግቶ ክምሩን ሁሉ ወደ መሀል ገፋው፤ የሚገባበት ሰው የራሱን ሁሉ ማስያዝ አለበት ማለት ነው። ገፍቶም አልቀረ፣ ልጄን እያየ ፈገግ አለ። ስክሪኑ የእሱን ካርታ አሳየ፤ ሰባትና ሁለት፣ ከዚያ የባሰ የለም። ቀጥሎ የልጄን አሳየ፤ ሁለት አስ፣ ከዚያ የተሻለ የለም። አዳራሹ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። «ግቢለት» አልኩ፣ ትሰማኝ ይመስል።

ልጄ ብዙ አሰበች። ከዚያ ሁለቱን አስ ጣለቻቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ የነበረው ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ጭኑን እየመታ «ኧረ ይቺስ ጉድ ናት፤ በሰባትና ሁለት ተባረረች። የማን ልጅ ናት በናታችሁ?» አለ።

እኔ ቁጭ አልኩ። ፊቴ እሳት ሆነ። እዚያው ተቀምጬ፣ አኩርፌም ቢሆን ልጄ አማቼ ያለውን ጮክ ብላ ስታነብ ጆሮዬ የገባው ነገር መሥራት ጀመረ። ብትገባና ብታሸንፍ ምን ታገኛለች? ቦታውን። ብትጥልስ? ያንኑ ቦታ፤ ጫፍ ያሉት ሁለቱ ከእሷ በፊት መውደቃቸው አይቀርማ። ብትገባና ብትሸነፍስ? ክምሯ ሁሉ ሄዶ ዘጠነኛዋ እሷ ናት። የቡልዶዘርን ካርታ ያየነው እኛ ነን እንጂ እሷ አላየችም። ቢሆንም በሁለት አስ ከስድስት አምስቴ ታሸንፋለች፤ ግን አምስቱ ማሸነፍ ምንም የማይጨምርላት ነው፣ ስድስተኛዋ ግን ወደ ቤት የምትልካት ናት።

ከዚያ ፊቷን አየሁት። ይሄን ማንም ፕሮግራም አያውቅልኝም። ጆሮዋ ጫፉ ድረስ ቀልቶ ነበር፤ እንደኔው እልህ ሲይዛት እንደዚያ ነው። እልሁ አልጠፋላትም። እልሁ ጉሮሮዋ ድረስ ሞልቶ፣ ያ ሰውዬ እየሳቀባት፣ ሁለት አስ ይዛ ነው የጣለችው። እኔ በዕድሜዬ ሁሉ ለአንድ ደቂቃ እንኳን ያልቻልኩትን ልጄ ቻለችው።

«የእኔ ናት» አልኩት ባርኔጣውን።

«ምን?»

«የማን ልጅ ናት አላልክም? የእኔ ልጅ ናት። የጣለችውም ልክ ነው።»

ነገሩን አስረዳሁት። ሳልደብቅ ልናገር፣ ጮክ ብዬ ነው ያስረዳሁት፤ ከኋላችን ያሉት ሁለት ረድፎችም ሰሙ። ሰውዬው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «እና አልፋለች እያልከኝ ነው? ገና ምኑ ታየ?» አለኝ።

«ባታልፍም ልክ ናት።»

ያኔ ነው በሩ ጋ ያየኋት። ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብላ ካርታ እየተቀበለች ነው፤ በሩ ጋ ደግሞ ጃኬቷን ክንዷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ላይ ቤት ያለው አልቋል ማለት ነው። ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ስንቱን ፊት ያነበብኩት ሰውዬ ከልጄ ፊት ላይ አንዲት ፊደል አጣሁ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ልንገርህ?»

«አትንገሪኝ።»

«ለምን?»

«ሁለቱን አስ ስትጥያቸው አይቻለሁ። ብታልፊም ብትወድቂም ኮርቼብሻለሁ።»

ቀስ ብላ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና «በወደቅኩባቸው በእነዚያ ሁለት ውድድሮች በእልህ የገባሁት እኮ አንተ ታየኛለህ ብዬ ነው» አለችኝ።

እጇን ያዝኩ። እንዲሁ እንደተያያዝን ስክሪኑን አየን። ጫፍ ላይ ካሉት አንዱ የቀረችውን ትንሽዬ ክምር ገፋ፣ ተሸነፈ፣ ተነሥቶ የሁሉንም እጅ ጨበጠ። ስምንት ቀሩ። የልጄ ስም ከሰባት ስሞች ጋር ስክሪኑ ላይ ወጣና ቅድም የሳቀው አዳራሽ ማጨብጨብ ጀመረ። ባርኔጣው ተነሥቶ እጁን ዘረጋልኝ።

«እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። አሁን ነው መኩራት።»

«እኔስ ቅድም ኮርቻለሁ» አልኩት። «የዘገየኸው አንተ ነህ።»