የውሰት ድምፅ

በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀድማ የምታየው በሩን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነበር። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሆናለች።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ነገር የረባ ስም የለውም። ሟቹ ራሱ «ማሽኑ» ከማለት አያልፍም ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን ወንድሟን «ሽቦ» እያለ ይጠራው ስለነበር ማሽኑን «የሽቦ ልጅ» አለው። ሳይወልድ ሳይከብድ የሄደ ሰው ነውና ይህን ስም አትወደውም።

መሃል ላይ ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ድምፅ ማጉያ አለ። ከእሱ ጋር በሽቦ የተያያዘው ሁሉ የውሰት ነው፤ የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና መርገጫ፣ የፀጉር አስተካካዩ መቁረጫ፣ ጡረታ የወጡት የእማማ አዋላጅ ራዲዮ። ወንድሟ ቤት ለቤት ዞሮ ነው የሰበሰበው። «ሰፈሩ ራሱ የሚጫወተው ሙዚቃ እንሠራለን። ዕቃውን ያዋሰ እሱው ይጫወትበታል። አንድ ቀን ለሕዝብ እናሰማና ሁሉም ዕቃውን ይዞ ይሄዳል» ብሏቸው ነበር። ያ ቀን ሳይደርስ እሱ ሄደ።

ማሽኑ ግን እንደበራ ነው። የወንድሟ ልብ ቀጥ ያለ ዕለት እንደነበረው፣ ንብ እንደሞላ ቀፎ «እምምም» ይላል። ልታጠፋው አልደፈረችም። ወንድሟ አንዴ አጥፍቶት ያንኑ ድምፅ መልሶ ለማግኘት ሳምንት ሙሉ እንደ ሕፃን ሲያባብለው አይታለች። እሷ ደግሞ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አታውቅም። ስለዚህ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፤ መብራት ቢጠፋስ? ገበያ ብላ ወጥታ ከግማሽ መንገድ ትመለሳለች። ቤት ስትጠርግ ገመዱን እንደተኛ እባብ ዞራ ነው የምታልፈው።

ረፋድ ላይ ያንኳኩት ልብስ ሰፊው ነበሩ። ቆባቸውን አውልቀው በራፉ ላይ ቆሙ።

«ደህና አደርሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ፤ ይግቡ።»

አልገቡም። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ ዳር ዳር አሉ። እሷ ወዴት እንደሚያመሩ አውቃለች።

«እንደው ለመናገሩም ይከብዳል» አሉ በመጨረሻ። «ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የደንብ ልብሱ ተቆልሎብኛል። አሮጌዋን መኪና በእጄ ሳዞር ከረምኩ፤ አሁን ግን ትከሻዬ እምቢ አለ። ያቺን መርገጫ . . .»

«እሑድ!» አለች ሳታስበው። «እሑድ ይምጡ ጋሼ። ሁላችሁም ኑ።»

«ባለፈውም እሑድ ነው ያልሽኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እኔ ለደንበኛ ‹ነገ ና› ስል የሸበትኩ ሰው ነኝ ልጄ። በገዛ ሙያዬ አትምጪብኝ።»

ሳቀች። በሩን ዘግታ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። አትፈርድባቸውም፤ መተዳደሪያቸው ነው። ሆኖም መርገጫው ከወጣ ድምፁ ያበቃል። የወንድሟ ፎቶ አለ፣ ጫማው አለ። እነሱ ዝም ይላሉ። ይህ ግን እሱ እንዳስጀመረው እስካሁን አላቋረጠም።

እሑድ ከሰዓት ሦስቱም መጡ። «አንድ ሳምንት ብቻ ጨምሩልኝ» የሚለውን ልመና ጠዋቱን ሙሉ ስታጠናው ነው ያረፈደችው። አፏን ከመክፈቷ በፊት እማማ አዋላጅ ወንበር ስበው ራዲዮአቸው ፊት ቁጭ አሉ።

«ምን ቆማችሁ ትቀራላችሁ? ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት እኮ!»

«ለቅሶ ቤት እኮ ነው እማማ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ቢሆንስ? ሲያልቅ ውሰዱ ነው የተባልነው። ገና መች ጀመርንና!»

«አይሆንም እማማ» አለች እህትየው፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ቢበላሽስ? የሚያውቀው ሰው የለም።»

«ሙሉውን የሚያውቅ የለም። የእኔን ግን እኔ አውቃለሁ።» የራዲዮውን መቃኛ በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ከሁለት ጣቢያዎች መሃል ሽሽሽ የሚል ድምፅ ወጣ። «‹እማማ፣ ጣቢያ አይፈልጉ› አለኝ ወንድምሽ። ዕድሜ ልኬን ጣቢያ ስፈልግ ለኖርኩት!»

ልብስ ሰፊው ጫማቸውን አውልቀው መርገጫውን በጣታቸው ጫፍ ጫን አሉት፤ እምምታው ወፈረ። ፀጉር አስተካካዩ መቁረጫውን አስነስቶ ከድምፅ ማጉያው ጋር ወደተያያዘው ጥቅል ሽቦ አስጠጋው። «‹የሕፃን አናት እንደምትነካ ሆነህ ቅረበው› ብሎኛል» አለ።

ደስ የሚል ድምፅ አልነበረም። ቆርቆሮ ላይ እንደሚመጣ ዝናብ ከሩቅ ተነሥቶ ክፍሉን ሞላው፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እህትየው ግድግዳውን ተደግፋ፣ አሁን ይቃጠላል፣ አሁን ይቆማል እያለች ዓይኗን ከማሽኑ ሳትነቅል ቆማለች። አልቆመም። ይልቅ ሦስቱም ዞረው እሷን ማየት ጀመሩ።

«እትዬ፣ ተራሽ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የምን ተራ?»

«ማጥፊያው ነዋ። ‹መጨረሻው የእህቴ ነው› ብሎናል። አልነገረሽም?»

አልነገራትም። እነሱ ከወንድሟ ጋር ሲለማመዱ እሷ ሥራዋ ላይ፣ የሆስፒታል ልብስ ስታጥብ ነበረች። ሄዳ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። ጣቷ እምቢ አለ። ሦስቱም ሳያቋርጡ ይጠብቋታል።

«ልጄ፣ እግሬ ደነዘዘ» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ትንሽ ጋሼ፣ በሞቴ።»

«በሞቴ አትበይ፤ የሞተው ይበቃናል» አሉና መልሰው ጫን አሉት።

«መቁረጫዬም ግሏል እትዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረው። «ነገ ሰው በጥርሴ ልላጭ?»

ግን አላጠፋም። ማንም አልተወም። የልብስ ሰፊው ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ግንባራቸውን አልቧቸዋል። እማማ አዋላጅ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እሷ ካላቆመች እንደማያቆሙ ገባት።

አጠፋችው።

ጆሮዋ ለጥቂት ጊዜ ማመን አቃተው። ከዚያ የመንገዱ ድምፅ ገባ፤ የመኪና ጡሩንባ፣ የሆነ ሰው ሳቅ። ልብስ ሰፊው እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያቃስታሉ። ፀጉር አስተካካዩ ከኪሱ ካቻቪቴ አውጥቶ ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገባው። እሷ ተቀበለችው።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያንሡልኝ» ብላ ተንበረከከችና የመርገጫውን ሽቦ የያዘውን ብሎን መፍታት ጀመረች። ብሎኑ አልንቀሳቀስ አለ።

«ወደ ግራ ልጄ» አሉ ልብስ ሰፊው ከላይ ሆነው። «ወደ ግራ።»