ከማዶ የመጣው መዝገብ

ፋክሱ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። አለቃዬ አቶ ደባልቄ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ ላቦራቶሪዬ ሲገቡ፣ ነገር እንደተበላሸ ከፊታቸው አነበብኩ።

«ኡምኩልሱም፣ እስቲ ተቀመጪ» አሉኝ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

የጻፈው ለወጣት የሐሩር በሽታ ተመራማሪዎች ገንዘብ የሚሰጠው የአውሮፓው ፈንድ ነው። ያሸነፈ ሰው ከሌላ አገር እኩያው ጋር ተጣምሮ ሁለት ዓመት ይሠራል፤ የእኔ ጥንድ ካምፓላ ያለች ሐኪም ነበረች። ደብዳቤው አጭር ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚቀበሉት አንድ ማመልከቻ ሲሆን ከእኛ፣ ከክልሉ ጤና ቢሮ፣ ሁለት ደርሷቸዋል። እስከሚቀጥለው ሳምንት አርብ አንዱን መርጠን ካላሳወቅን ሁለቱንም ይሰርዛሉ።

«ሁለተኛው የማን ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«የነገሪ። መተከል ያለው ባልደረባችን።»

ስሙን ሰምቼ አላውቅም። ይህ አይግረማችሁ። ክልላችን ከተቋቋመ ገና አስር ዓመት አልሞላውም፤ ዓባይ ደግሞ መሃል ለመሃል ከፍሎታል፣ እኛ ጋ የሚያሻግር ድልድይ የለም። እኔ ካለሁበት ከአሶሳ እሱ ወዳለበት ግልገል በለስ ለመድረስ በወለጋ አልፎ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣ በጎጃም መዞር ነው። ከካምፓላዋ ሐኪም ጋር በወር ሁለቴ እንጻጻፋለን፤ ከገዛ ክልሌ ሰው ጋር ግን ሰላምታ ተለዋውጠን አናውቅም። ሁለታችንም በየፊናችን ቅጹን ሞልተን ልከናል።

የዕድሜው ጣሪያ ሠላሳ ሁለት ነው። እኔ ሠላሳ ሁለት ሞልቶኛል። ዘንድሮ ካልሆነ ሁለተኛ የለም።

«ይምጣና ፊት ለፊት እንነጋገር» አልኩ። እንደምረታው አልተጠራጠርኩም።

ለምን እጠራጠራለሁ? በሸርቆሌ በኩል ዓባይ ዳር ባለች አንዲት መንደር ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ጥቁሩ ዝንብ ሲነክስ ትል ያስገባል፤ የትሉ እጭ በቆዳ ሥር እየተሰራጨ ያሳክካል፣ ውሎ አድሮ ዓይን ያጠፋል። ዝንቡ የሚራባው በሚፈስ ውሃ ውስጥ በተንዘረፈፈ ሣር ላይ ነው። እኔና የመንደሩ ሰዎች ማጭድ ይዘን ጅረቱ ውስጥ ገባንና ሣሩን አጨድነው። በዓመቱ ከአምስት ዝንብ አራቱ ጠፋ። ከሰዎቹ ቆዳ ቅንጣት እየቆረጥኩ በማይክሮስኮፕ ስመለከት ደግሞ፣ እጭ ከነበረባቸው መቶ ሁለት ሰዎች ሰባ አንዱ ንጹህ ነበሩ። የማመልከቻዬ የመጀመሪያ መስመር ይህንኑ ይናገራል፤ ያለ አንዳች መድኃኒት፣ በማጭድ ብቻ።

ነገሪ በተከታዩ ሳምንት ሐሙስ ከምሳ በኋላ ደረሰ። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ አቧራ የጠጣ፣ ሦስት ትልልቅ መዝገብ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸከመ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ኡምኩልሱም። መንገዱ አራት ቀን ፈጀብኝ» አለኝ።

«መመለሻውም ያው አራት ቀን ነው» አልኩት። ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም።

አቶ ደባልቄ ሁለታችንን አፈራርቀው አዩን። «እኔ ብመርጥ ያልተመረጠው ወገን ሁሉ ይቀየመኛል» አሉ። «እርስ በርሳችሁ ሥራችሁን አንብቡ። ነገ ጠዋት አንድ ስም ይዛችሁ ኑ።» በሩን ዘግተውብን ሄዱ።

ነገሪ የእኔን ማመልከቻ ሁለት ገጽ እንዳነበበ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ መዝገቦቹን ገለጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ የምፈልገው ስህተቱን ነበር። እሱ ከእኔ መንደር ማዶ፣ በማንኩሽ በኩል፣ ሰዉን በዘንግ ቁመቱን እየለካ፣ በቁመቱ ልክ የትሉን ክኒን ይሰጣል፤ በዓመቱ ክረምት ላይ ቆዳቸውን ይመረምራል። የተጣራ ሥራ ነው። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ግን ሰማንያ አራቱ ለምርመራ አልተመለሱም። በስማቸው ትይዩ በእርሳስ «ጠፍተዋል» ይላል።

ይኸውልህ፣ አልኩ በልቤ። ሰው የሚጠፋበት ተመራማሪ! ስማቸውን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አንደኛው ላይ ቆምኩ። «ብኸይታ ሙርሳል፣ የግራ ዓይኗ አያይም፣ ሦስት ክኒን።»

ብኸይታን አውቃታለሁ። ጅረቱ ውስጥ ከጎኔ ቆማ ሣር ያጨደች ሴት ናት። ቀጥሎ እህቷ አለች፣ ከዚያ የእህቷ ባል። የራሴን ዝርዝር አውጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋሁት። ዳኑ ካልኳቸው ሰባ አንድ ሰዎች ስልሳ ስድስቱ ነገሪ «ጠፍተዋል» ያላቸው ናቸው። ከስማቸው ጎን «ወርቅ አጣቢ» ተብሎ ተጽፏል፤ በበጋ ወርቅ ሊያጥቡ በታንኳ ማዶ ይሻገራሉ ማለት ነው፤ እዚያ ክኒኑን ውጠው፣ ክረምት ሳይገባ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

እኔ ደግሞ ጠይቄ ነበር። በራሳችን ቋንቋ፣ «ወደ መንደራችሁ መድኃኒት የመጣበት ቀን አለ?» አልኳቸው። የለም አሉኝ፤ አልዋሹም። እናንተስ የት ሄዳችሁ ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። ትሉ ሰው ውስጥ አስር ዓመት እንደሚኖር፣ ዝንብ ስለቀነሰ ብቻ በአንድ ዓመት ቆዳ እንደማይጸዳ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። ደስታዬ ግን አላስጠይቀኝም አለ።

ልጁ ያንኮራፋል። መዝገቡን ዘግቼ ብመልስለት ማንም አይደርስበትም፤ የብኸይታን ስም ሁለቱም ወረቀት ላይ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ከመስኮቱ ውጭ መኪኖች ይጮሃሉ፣ እኔ ግን እጄ መዝገቡ ላይ ቀርቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንብሻለሁ። አለቀስኩ፣ አልክድም። ከዚያ አንድ ነገር ታየኝና እንባዬ ደረቀ። ውሸቴ ከታተመ፣ ማጭድ ይበቃል ተብሎ ለዚያች መንደር ክኒን የሚልክ አይኖርም። ብኸይታ የቀራት አንድ ዓይን ነው።

ትከሻውን ነቀነቅኩት። «ተነሣ። የጠፉብህን ሰዎች አገኘኋቸው።»

«የት?» አለ፣ ዓይኑን እያሸ።

«ቤታቸው።»

ሁለቱን ዝርዝሮች አሳየሁት። ጣቱን በስሞቹ ላይ እየነዳ ቆየ። «እንግዲያው ያዳናቸው...»

«ክኒንህ ነው! አዎ፣ የአንተ ክኒን ነው! ደስ ይበልህ!»

እሱ ግን ደስ ያለው አይመስልም። «የዝንቡስ መቀነስ? እሱም ስህተት ነው?»

«ወላሂ ዝንቡ ቀንሷል። ዝንብ ክኒን አይውጥ!»

በዚያ ንዴቴ መሃል ሳቃችን መጣ። ሲበቃን፣ «በእኛ በኩል ዝንቡ ሰማይ ምድሩን ሞልቶታል» አለ። «ያዳንኩት ሰው መልሶ ይነከሳል። ዝንቡን ያሸነፉት እርስዎ ነዎት። ስምዎን ይጻፉ።»

«የማንንም ምጽዋት አልፈልግም።»

«ምጽዋት አይደለም። እኔ ለመወዳደር ገና ስድስት ዓመት አለኝ። ደግሞ በነጻ አልለቅም። የመጀመሪያውን መስመር በራስዎ እጅ ይሰርዙና፣ እነዚህን ሰዎች ያዳናቸው የማዶው ክኒን ነው ብለው ይጻፉ። ሁለተኛ ገጽ ላይ የሁለታችንንም ዝርዝር ያያይዙ።»

መረረኝ። ጻፍኩት። ከሥሩም አዲሱን ጥያቄ አስከተልኩ፤ ሰዉ በሁለቱ ዳርቻ በሚኖርበት ወንዝ ላይ፣ ክኒንና ማጭድ በአንድ ጊዜ ከሁለቱም በኩል ቢገቡ ምን ይሆናል?

አርብ ጠዋት አቶ ደባልቄ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይህን ከላክሽ ይጥሉሻል።»

«ይላኩት፣ አቶ ደባልቄ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ካለ እሱን ይውሰዱት።»

በሦስተኛው ሳምንት ከፈንዱ ደወሉ። ነገሪ መንገዱ አንገሽግሾት አሶሳ ቀርቶ ዝርዝሮቹን አብረን እናመሳክር ነበርና፣ በቢሮው ስልክ አጠገቤ ቆሞ ጆሮውን ደቀነ። የምትጠይቀኝ ሴት ድምፅዋ ደረቅ ነው።

«በፊት የጻፍሽውን ውጤት ራስሽ አፍርሰሽዋል። ስህተቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ማን ደረሰበት?»

«እኔ።»

«የማዶው ባልደረባሽ የት ነበር?»

«አጠገቤ ተኝቶ ነበር።»

ከመስመሩ ማዶ ብዙ ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ባትነግሪው ኖሮ ያውቅ ነበር?»

ነገሪን አየሁት። «አያውቅም ነበር» አልኩ።

ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ። ከዚያ፣ «ደንባችን አንድ ሰው ይላል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ሁለታችሁንም እንመድባለን። መቼ መጀመር ትችላላችሁ?» አለችኝ።

«ጀምረናል» አልኳት።